ሰው ሁሉ የራራልኝ ሳምንት

ከነገሌ የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው። መብራት ጠፍቶ ነበር። መብራት መጥፋቱ ለነገሌ ምን አዲስ ነገር አለው ትሉኝ ይሆናል፤ የዚያን ቀን ግን ንፋሱ ቀዩን አቧራ እያነሳ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ፣ ሰውም ሻማ ሳይለኩስ በየደጁ ቆሞ ሲያየኝ፣ ከተማው ሁሉ እኔን ለመሸኘት ብሎ መብራቱን ያጠፋ መሰለኝ። ፍየል የጫነው አይሱዙ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቀኛል። እማዬ ከቤት አልወጣችም። መኪናው ድረስ የሸኙኝ ጋሼ ናቸው።

ጋሼ የምለው አባቴን ነው። መምህር ተፈራ፣ በወጣትነታቸው ጂኦግራፊ ሊያስተምሩ ከወሎ መጥተው እዚያው የቀሩ። ተማሪዎቻቸው ሁሉ ጋሼ ስለሚሏቸው እኔና እህቴ ሰናይትም ጋሼ እያልን አደግን። የዚያን ምሽት አላለቀሱም። በእሱ ፋንታ ፈተና ፈተኑኝ።

«ናይሮቢ ስትደርስ ነገሌ በየት በኩል ናት?»

«በሰሜን።»

«ልክ ሰሜን?»

«ትንሽ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ትላለች።»

«አዎ፣ ዘንበል ትላለች» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ተመለሱ። እኔም ፍየሎቹ መሀል ገባሁ።

ለምን ወጣህ ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው። ዝናቡ ቀረ፣ ከብቱ አለቀ፣ ከብቱ ሲያልቅ ገበያው ሞተ፣ ገበያው ሲሞት እኔ የምሠራበት ሱቅ ተዘጋ። ሌላ ታሪክ የለኝም። ይህንኑ በኋላ ለባለሥልጣን ስናገር አጭር በመሆኑ ተቆጣኝ።

በአሬሮ አድርገን በነጋታው ዱብሉቅ ስንደርስ ሾፌሩ ለፍየሎቹ ውሃ ፍለጋ ወደ ጉድጓዶቹ ወረደ። እኔ ነገሌ ተወልጄ አድጌ የዱብሉቅን ጉድጓድ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። ሜዳው ላይ አንድም ሰው አይታይም፤ ከብቶች ብቻ ጆሯቸውን አቁመው ቆመዋል። ከመሬት ሥር ግን የወንዶች ዘፈን ይመጣል። ሰዎቹ ጉድጓዱ ውስጥ አንዱ ካንዱ በላይ ተደርድረው ባልዲ እየተቀባበሉ ውሃ ሲያወጡ የሚዘፍኑት ነው፣ አውቃለሁ፣ ሲወራ ሰምቻለሁ። ቢሆንም መሬት ሲዘፍን መስማት ሌላ ነው። ከዚያ ወዲህ ስደት ሲባል ትዝ የሚለኝ ሞያሌም አይደለም፣ ፖሊስም አይደለም፤ ያ ሰው የማይታይበት ድምፅ ነው።

ሞያሌን በእግር ተሻገርኩ፤ ከዚያ በአውቶቡስና በጭነት መኪና እየተደበቅኩ ናይሮቢ ገባሁ። ኢስሊ የሚባለው ሰፈር ወሰደኝና እዚያው ቀረሁ። ሰፈሩ የኛ ሰው ነው የሞላው፤ ከነገሌም፣ ከዶሎም፣ ከሞያሌም። ብርዱን አልነግራችሁም። እኛ ናይሮቢ በረሃ እየመሰለን ነጠላ ሸሚዝ ለብሰን እንመጣና በክረምቱ ጥርሳችን ይጋጫል። ኡጋሊ የሚሉት አለ፣ ጨው የረሳ ገንፎ ማለት ነው። ወተታቸውን ግን ይቅር ልላቸው አልቻልኩም። በእንጨት ጭስ ያልታጠነ ወተት ለለመደው ይሁን፤ ለእኔ ብርጭቆ የታጠበበት ውሃ ነው።

ስደተኛ የሚመዘገብበት ቢሮ ስገባ ባለሥልጣኑ ሻዩን እያማሰለ ጠየቀኝ።

«ከየት ነህ?»

«ከነገሌ ቦራና።»

«ቦራና ነህ?»

«አይደለሁም፤ እዚያ ተወልጄ ነው። አባቴ የመጡት ከወሎ ነው።»

«ታዲያ ለምን ወደ ወሎ አልተሰደድክም?»

«ወሎን አላውቀውም።»

«ኬንያን ታውቀዋለህ?»

መልሴን ሳይጠብቅ ሌላ ጊዜ ተመለስ አለኝ። ብዙ ጊዜ ተመለስኩ።

ያከራየችኝ ማማ ንጄሪ ትባላለች። የግቢውን ቧንቧ በቁልፍ ትቆልፋለች፤ ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው የሚያድረው። ጠዋት ለአንድ አፍታ ትከፍትና የደረሰ ደረሰ፣ ያልደረሰ ይቆሽሻል።

«አንተ ሰውዬ» ትለኛለች፣ «ትናንት ታጥበህ አልነበረም እንዴ?»

«ታጥቤ ነበር።»

«አገርህ በረሃ ነው ሲሉኝ ነው እኮ ያከራየሁህ። የበረሃ ሰው ውሃ አያበዛም ብዬ።»

ክፍሉን የምጋራው የአሬሮ ልጅ የሆነው ጂሎ ነው፤ ነገረ ሥራው ሁሉ ግዴለሽ፣ እግሩን ሳይታጠብ የሚተኛ፣ ሲነቃ ደግሞ የኔን ጫማ አድርጎ የሚወጣ። የምሠራው ደግሞ ሐጂ ገልገሎ ዘንድ ነው። ሐጂ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ የነገሌ ሰው፣ የጋሼ የድሮ ጎረቤት። ደግ ናቸው፣ ግን ምላሳቸው አይጣል ነው። አንድ ጥቅል ጨርቅ አጣምሜ ካስቀመጥኩ ቀኑን ሙሉ በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይጨርሱብኛል። እንዲህ ሆኜ ኖርኩ። ሕይወቴ ይቺው ነበረች፣ አልጠላኋትም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ስነቃ ጂሎ የኔን ሸሚዞች አጥቦ ገመድ ላይ ሰቅሏል።

ሳቅኩበት። «ታመምክ እንዴ?» አልኩት። አልሳቀም። ስልኬን ከራስጌዬ አነሳና «ይሄ ስክሪን ተሰንጥቋል፤ ላሠራልህ» አለኝ። ስክሪኑ የተሰነጠቀው ሞያሌ ሳለሁ ነው። ይዞት ወጣ።

ግቢ ስወርድ ማማ ንጄሪ በር ላይ ቆማለች። የቧንቧውን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። «እስኪበቃህ ታጠብ» አለች። ከዚያ «ፖሌ፣ ፖሌ ሳና» አለችኝ። ፖሌ እዚህ አገር እንቅፋት ለመታውም፣ ዝናብ ለመታውም የሚባል ነውና ምንም አልመሰለኝም። ቁልፉ ግን እጄ ላይ ከበደኝ። ስታጠብ ውሃው አላስደሰተኝም።

ሱቅ ስገባ ሐጂ ሻይና ማንዳዚ የሚሉትን በዘይት የተጠበሰ ዳቦ አቅርበው ይጠብቁኛል። «አካም ቡልቴ፣ ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ እንዴት አደርክ ልጄ ማለታቸው ነው። ልጄ ብለውኝ አያውቁም ነበር። በልቼ እንደወጣሁ ነገርኳቸው። «ድጋሚ ብላ» አሉ። ስበላ ዓይናቸው አፌ ላይ ነው። አንድ ጥቅል ጨርቅ ሆን ብዬ አጣምሜ አስቀመጥኩ። አይተው እንዳላየ አለፉ።

ሳምንቱ እንዲህ ጀመረ። ምሳ ለመብላት ወደ ለመድኩት ምግብ ቤት ስገባ ሙዚቃ ነበር፤ እግሬ ደፉን እንደረገጠ ባለቤቱ ተንደርድሮ ሄዶ አጠፋው። የሚያወሩት ዝም አሉ። ያላዘዝኩት ሥጋ መጣልኝ። ከጎን ያለ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡ፣ አይቻቸው የማላውቅ ሴትዮ ሲወጡ በእጃቸው ራሴን ዳሰሱኝ።

እናንተ የአገሬ ሰዎች እስካሁን ገብቷችኋል። እኔ ግን እንዲገባኝ አልፈልግም ብዬ አንድ ቀን ሙሉ ቆየሁ።

ለነገሩ እኔ ከሁሉ በፊት ሊገባኝ ይገባ ነበር። ነገሌ ውስጥ መርዶ የሚያረዱት ጋሼ ነበሩ። ድምፃቸው ለስላሳ ስለሆነ፣ ስለማይቸኩሉም፣ ልጁ ወይም ወንድሙ ሩቅ አገር የሞተበት ሰው ካለ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ እኛ ቤት ይመጣሉ። ጋሼ ጎህ ሲቀድ ጋቢያቸውን ለብሰው ከፊት ይሄዳሉ፤ ሌሎቹ ይከተሏቸዋል። ከተማው ይህን ስለሚያውቅ እሳቸውን በማለዳ መንገድ ላይ ያየ ሰው ሁሉ ልቡ ይሰቀላል። ሴቶች ከመስኮት ሲያዩዋቸው ወደየትኛው በር እንደሚታጠፉ እስኪያውቁ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ጋሼም ይህን አውቀው፣ ሰው እንዳይደነግጥ ብለው፣ ጠዋት ዳቦ ለመግዛት እንኳ አይወጡም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሁሌ አርፍደው የሚገቡት ለዚህ ነው።

አሠራሩንም በልጅነቴ ከእሳቸው ሰምቼዋለሁ። ሰውዬው አስቀድሞ ሳያውቀው በደንብ መብላት አለበት፤ ከዚያ በኋላ እህል ስለማይቀምስ። ወሬው ከሬዲዮም ከስልክም እንዳይደርሰው ይጠበቃል። ለብቻው አይተውም። ሰው ሥራ ፈቶ አብሮት የሚውልበት ቀን ይመረጣል። ሲነጋ ይነገረዋል፣ ቀኑ ሙሉ ከፊቱ እንዲሆን። እኔ አሁን እየበላሁ ነው። ስልኬ የለም። ጂሎ ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ በር ላይ ይቆማል።

ማክሰኞ ማታ ገባኝ። ገብቶኝም ዝም አልኩ።

ጠይቅ እንጂ ትሉኝ ይሆናል። እንዴት ብዬ? እስኪነገረኝ ድረስ ነገሌ ሁሉም በሕይወት አሉ። አንዱ ሞቷል፣ ግን የትኛው እንደሆነ ስለማላውቅ ማንም አልሞተም። ይህን ስል እብድ እንዳትሉኝ፤ ያን ሳምንት እንዲያ ነው የኖርኩት። ደግሞም እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። የሚያስፈራ ደስታ ነው። ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ ማንም ሻይ ቀድቶልኝ፣ ልብስ አጥቦልኝ፣ በላህ ወይ ብሎኝ አያውቅም። አሁን አንድ ሰፈር ሙሉ እኔን በእጁ ይዞ በጣቱ ጫፍ ይራመዳል። ሌሊት ጂሎ ተነስቶ ብርድ ልብሱን ደርቦልኝ ሲመለስ ነቅቼ ነበር፤ የተኛሁ መስዬ አልተንቀሳቀስኩም። ደግነታቸው ሲጨምር ሐዘኔ ስንት እንደሚያህል በሱ እለካው ነበር፤ ለአጎት ይህን ያህል አይደረግም እላለሁ። ለአክስትም አይደረግም።

ቅዳሜ ሊመሽ ሲል አልቻልኩም። ነገ እሑድ ነው፤ ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ሁሉ ሥራ አይገባም። ነገ እንደሚመጡ አወቅኩ። ሐጂ ሱቁ ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ጨርቅ እያጠፍኩ ጀርባዬን ሰጥቼ ጀመርኩ።

«ሐጂ፣ እማዬ ናፈቀችኝ።»

«እናት አይደለች? ትናፍቃለች። አላህ ያቆይልህ» አሉኝ። ቃሉ ሳይደናቀፍ ወጣ። እማዬ አለች ማለት ነው።

«ሰናይትስ ምን ሆና ይሆን?»

«ምን ትሆናለች፣ ደህና ናት። ትምህርቷን ትማራለች።»

ጨርቁን አጥፌ ጨረስኩ። ሌላ አነሳሁ። «ጋሼስ?» አልኳቸው።

ዘወር ስል ሐጂ መቀሱን አንስተው ማንም ያላዘዘውን ጨርቅ ሳይለኩ መቁረጥ ጀምረዋል። ሐጂ ገልገሎ በሕይወታቸው ጨርቅ ሳይለኩ ቆርጠው አያውቁም። መቀሱ ሄዶ ሄዶ ጫፍ ደረሰ፤ ቁራጩ መሬት ወደቀ፤ ሁለታችንም አላነሳነውም።

በኋላ እንደሰማሁት እማዬ ለሐጂ ደውላ፣ በስልክ እንዳይሰማ፣ ብቻውን እንዳይሰማ፣ እንደ አባቱ ሥርዓት ይነገረው ብላ ለምናቸዋለች። ሐጂ እስላም ናቸው፣ ጂሎም እንዲህ ያለውን አያውቅም። በእነሱ ቢሆን ወዲያው ተነግሮኝ አብረን ተቀምጠን እንጸልይ ነበር። ግን የእናንተ ወግ ይህ ከሆነ ብለው፣ ከሰው ጠያይቀው፣ አንዱንም ሳያጓድሉ አደረጉት። ሳምንት የፈጀባቸው መርዶውን በወጉ የሚያረዳ ክርስቲያን ሽማግሌ ፍለጋ ነው።

እኔ ማወቄን አልነገርኳቸውም። ያን ሁሉ ከደከሙ በኋላ እንዴት ላፍርስባቸው? «ሐጂ፣ ቤት ላንድ አፍታ ልደውል» ብቻ አልኳቸው።

ግንባራቸውን ጠረጉ። አይሆንም ሊሉ ነበር፣ አየሁት። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ወደ በር ሄዱና ከእማዬ ጋር በኦሮምኛ ቀስ ብለው አወሩ፤ እማዬ ነገሌ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች እንደ አፍ መፍቻዋ ትናገረዋለች። ረጅም ጊዜ አዳመጡ። «ናጋ፣ ናጋ»፣ ሰላም ሰላም ብለው ስልኩን ሰጡኝና ውጭ ወጥተው በሩን ከኋላቸው ዘጉት።

«ደምሴ» አለችኝ እማዬ። ድምፅዋ ተቧጥጦ አልቋል።

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል? ድምፅሽ?»

«ጉንፋን ነው። አቧራው።»

ከኋላዋ የብዙ ሰው ሳል ይሰማኛል። አንድ ሰው ሲናገር ሌላው ዝም ሲያሰኘው። ሸራ በንፋስ ሲመታ። ደጃችን ላይ ድንኳን ተተክሏል ማለት ነው። እኔ ይህን ሁሉ እየሰማሁ «ጋሼ እንዴት ናቸው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«አባትህማ ደህና ነው» አለች። «እዚሁ ደጅ ተቀምጧል።»

«ምን ያደርጋሉ?»

«ምን ያደርጋል፣ ሬዲዮውን ይዞ። የምድር ወገብ ዝናብ ዘንድሮ ወዴት እንደሸሸ ለጎረቤት ያስተምራል።»

«ምሳ በሉ?»

«በላ። ጨምሪልኝ አለ ደግሞ፤ እሱ ጨምሪልኝ ብሎ ያውቃል?» ድምፅዋ ሞቅ አለ። «ጠዋት ከሰናይት ጋር ተጣሉልህ፣ መነጽሬን ደበቅሽብኝ ብሎ። ግንባሩ ላይ ነው ያለው መነጽሩ።» ሳቀች። እማዬ ስትስቅ ከኋላዋ አንዲት ሴት መቻል አቅቷት እሪ አለች፤ ወዲያው አፏን ያዟት መሰለኝ። እማዬ ያልሰማች መስላ ቀጠለች። እኔም ያልሰማሁ መስዬ ሰማኋት። ቤቱ ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ ጋሼ ሞተዋል፤ በሕይወት አሉ ብላ የምታወራለት የቀራት አንድ ሰው እኔ ነኝ። ነገ ጠዋት እኔም ልጠፋባት ነው።

«እሱን ላቅርብልህ?» አለችኝ በድንገት።

እንዳልተናገረች መስላ ልታልፈው የምትችል መስሎኝ ትንሽ ጠበቅኩ። አላለፈችውም።

«አቅርቢልኝ» አልኳት።

ስትራመድ ሰማኋት። የሰዉ ድምፅ ወደ ኋላ ቀረ፤ ሸራውም ቀረ። ስልኩን አንድ ቦታ ላይ አስቀመጠችው፤ እንጨት ላይ። ከዚያ ምንም የለም። የንፋስ ድምፅ ብቻ፣ ያውም ቀስ ያለ። ማንም ሲተነፍስ አልሰማሁም። ግን ባዶ አልነበረም። ይህን እንዴት እንደማስረዳችሁ አላውቅም፤ ጋሼ ተማሪ መልስ እስኪሰጥ ሲጠብቁ ዝም የሚሉትን ዝምታ አውቀዋለሁ፣ እሱን ይመስል ነበር።

«ጋሼ» አልኩ። «እንደምን ዋሉ።»

ከዚያ ያለኝን ሁሉ አወራሁላቸው። ስለ ማማ ንጄሪ ቧንቧ፣ ኬንያን ታውቀዋለህ ስላለኝ ባለሥልጣን። ዱብሉቅ ስለሰማሁት ድምፅ። ሳልጽፍ ስለቆየሁበት ጊዜ ይቅርታ ጠየቅኩ። በመጨረሻ እንዲህ አልኳቸው፦ «እዚህ ያሉት ሰዎች ጥሩ አድርገው ይዘውኛል። አብልተውኛል፤ ለብቻዬ አልተውኝም። አንዱንም አላጎደሉም። እርስዎ ቢያዩአቸው ይኮሩባቸው ነበር።» ማልቀስ አልነበረብኝምና አላለቀስኩም። ሐጂ በር ላይ ቆመው ጀርባቸው በመስታወቱ ይታየኝ ነበር።

እማዬ ስልኩን አነሳች። «ሰምቶሃል» አለችኝ።

«ምን አሉ?»

«ይስቃል» አለችኝ። «ዝም ብሎ ይስቃል።»

እሑድ ጎህ ሲቀድ መጡ። ሐጂ፣ ጂሎ፣ የማላውቃቸው አንድ ሽማግሌ፣ እኚያ ራሴን የዳሰሱኝ ሴትዮ፣ ማማ ንጄሪ ሳትቀር በባዶ እግሯ። ሽማግሌው አልቸኮሉም፤ ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። ሲነግሩኝ ምንም እንዳልሰማ ሰው ወደቅኩ። ማስመሰል አልነበረም፤ የዚያን ጊዜ ነው የሞቱት። ቀኑን ሙሉ አልተለዩኝም። ከዚያ በኋላም እስካሁን ድረስ ኢስሊ ውስጥ ሰው የለኝም ብዬ አላውቅም።

እማዬ ስለዚያ የቅዳሜ ስልክ አንስታብኝ አታውቅም፤ እኔም አላነሳሁም። አሁን በየሳምንቱ እደውላለሁ። ስለ ዝናብ፣ ስለ ሰናይት፣ ስለ ኑሮ እናወራለን። አገሬ ለመግባት ወረቀቱ አልተሳካልኝም። አንዳንዴ፣ በተለይ ከኋላዋ ሰው ሳይኖርና ንፋሱ ብቻ ሲሰማኝ፣ እማዬ ስልኩን እዚያ ቦታ አስቀምጪልኝ ልላት አፌ ድረስ ይመጣል። ብጠይቃት ታደርገዋለች። ለዚህ ነው የማልጠይቃት።